የመንገድ ጥገና ገንዘብ፦ ከዓመታዊ በጀት ወይስ ከመንገድ ፈንድ?

የመንገድ ጥገና ገንዘብ በየዓመቱ ከአጠቃላይ የመንግሥት በጀት ሲመደብ፣ ጥገናው ከትምህርትና ከጤና ጋር ተመዝኖ ድርሻውን ያገኛል፤ ይህም በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው። ችግሩ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቀነሰው ጥገና መሆኑ ነው፤ ላልተጠረገ የውኃ መውረጃ ቦይ የሚከራከርለት የለምና። ሆኖም ቦዩ በደለል ሲዘጋ ውኃው ወደ መንገዱ ይመለሳል፣ በአስፋልቱ ስንጥቅ ሰርጎም የታችኛውን የጠጠር ንጣፍ ያላላዋል፤ ከባድ ተሽከርካሪ ሲመላለስበት ደግሞ በትንሽ ወጪ ይደፈን የነበረው ስንጥቅ ጉድጓድ ይሆናል፤ ቸል ከተባለም መንገዱን እንደገና መሥራት ግድ ይላል።

ከነዳጅ ሽያጭ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደር የመንገድ ፈንድ ግን ገቢው አስቀድሞ ስለሚገመት፣ የብዙ ዓመት ዕቅድ ለማውጣትና ከተቋራጮች ጋር የረጅም ጊዜ ውል ለመግባት ያስችላል። እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የፌዴራል አውራ ጎዳና ፈንድ የሚመካበት የነዳጅ ቀረጥ ከ1993 ወዲህ ባለመጨመሩ፣ ከ2008 ጀምሮ በተደጋጋሚ ከአጠቃላዩ ግምጃ ቤት ድጎማ አስፈልጎታል። የኤሌክትሪክ መኪና መበራከትም (በመንገዱ እየተጠቀመ የነዳጅ ቀረጥ አይከፍልምና) ክፍተቱን ያሰፋዋል። ያም ሆኖ የክፍያው መጠን በየጊዜው የሚከለስበት ሥርዓት ከተበጀለት፣ ለመደበኛ ጥገና ፈንዱን እመርጣለሁ፤ የአዳዲስ መንገዶች ግንባታ ግን በዓመታዊው የበጀት ክርክር ውስጥ ቢያልፍ ይሻላል።