ፉጃይራ ላይ የነዳጅ መርከብ እናከራያችሁ ለሚሏችሁ ሰዎች እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ዱባይ በድለላ የምትሠሩ፣ 18,000 ድርሃም ተበልቼ ነው ይህንን የምጽፈው።

አንድ ደንበኛ ድፍድፍ ነዳጅ የሚጭን መርከብ ፈልግልኝ አለኝ። ሌላ ደላላ ደግሞ ፉጃይራ መልሕቅ ጥሎ የቆመ ስዊዝማክስ የሚባል ትልቅ የነዳጅ መርከብ አለ ብሎ ኪው 88 የሚባለውን የመርከብ መግለጫ ቅጽ በዋትሳፕ ላከልኝ። ቅጹ ጢም ብሎ ተሞልቷል። ሁለት ሚሊዮን በርሜል ይጭናል ይላል። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ፤ ስዊዝማክስ የሚይዘው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ሁለት ሚሊዮን የሚጭነው ቪኤልሲሲ የሚባለው ግዙፉ ነው። ምን ያደርጋል፣ እኔ የማሰላው ኮሚሽኔን ነበር! «መርማሪያችሁ መርከቡ ላይ እንዲወጣ የፈቃድ ክፍያ» ሲሉኝ በአንድ ግለሰብ ሒሳብ አስገባሁ። በሳምንቱ «የወደብ ዋስትና» ብለው ሲመጡ ነው የደነገጥኩት።

ባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሰልጥኖ መርከብ ላይ መሐንዲስ የሆነ አብሮ አደግ አለኝ። የመርከቡን የአይኤምኦ ቁጥር፣ ማለትም የመርከቡን ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ላኩለት። ሰባት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት በየተራ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 አባዝታችሁ ስትደምሩ፣ የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከሰባተኛው አሃዝ ጋር መግጠም አለበት። ገጠመ። እፎይ ልል ስል «ቆይ እስቲ» ብሎ ማንም በነፃ ተመዝግቦ የሚያየውን ኢኳሲስ የተባለ የመርከቦች መዝገብ ከፈተ። ለካ መርከቡ ፈርሶ ብረቱ ከተሸጠ ቆይቷል። በሙት መታወቂያ ነው ሲያከራዩኝ የነበረው።

ይህ ቁጥር ስምም ባንዲራም ባለቤትም ቢቀየር አይለወጥም፣ ሌላ መርከብም አይወርሰውም። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን ተከተሉ። የኢንሹራንስ ወረቀት ብቻ አይታችሁም አትመኑ፤ ትልልቆቹ የፒ ኤንድ አይ ክለቦች (የባለመርከቦች የኃላፊነት መድን ማኅበራት) ድረ ገጽ ላይ መርከቡ መድን የተገባለት መሆኑን ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለአንድ ጉዞ በሚከራይ ታንከር ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ጭነቱ መድረሻው ላይ ሲራገፍ ነው። የደላላም ኮሚሽን ከዚያው ኪራይ ላይ ይነሳል። መርማሪ ከቀጠራችሁ የምትከፍሉት ለራሱ ለመርማሪው ነው፤ «የማሳያ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ባለመርከብ አለ ወይ ብዬ ያንን መሐንዲስ ጓደኛዬን ብጠይቀው ሳቀብኝ።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ትናንት ያው ቅጽ ለሌላ ወዳጄ ደርሶታል። የመርከቡን ስም ቀይረውታል፣ ቁጥሩ ያው ነው።