ያገለገለ ውድ ሲዲ ማጫወቻ፦ ድምፁ አንጀት ያርሳል፣ ሌዘሩ ግን…

ያገለገለ ውድ ሲዲ ማጫወቻ ልትገዙ ካሰባችሁ ማርካውን ተዉትና ዲስኩን በብርሃን ስለሚያነበው ሌዘር ጠይቁ። ይህን የምለው አንድ ከባድ የድሮ ማጫወቻ ገዝቼ ወራት ስጠቀምበት ስለከረምኩ ነው።

ድምፁ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቤዙ ጠበቅ ያለ ነው፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ዲስኩ የሚቀመጥበት ትሪ ነው። መክፈቻውን ስጫን ትንሽ ወጣ ይልና ይመለሳል። የማጫወቻውን ክዳን ስከፍት፣ ትሪውን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቤልት ላልቶ ይንሸራተታል። እሱ ቀላል ነው፣ ልኩ የሆነ ቤልት ተገኝቶ ተቀየረ፣ አለቀ።

ዋናው ጣጣ ከዚያ መጣ። ኦሪጅናል ሲዲ ያጫውታል፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀዳውን ግን "ዲስክ የለም" ይላል። የተቀዳ ሲዲ ብርሃን የሚመልሰው ከፋብሪካው ባነሰ መጠን ስለሆነ የደከመ ሌዘር መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው እሱ ላይ ነው። ደግሞ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ላይ ይዘላል። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ሌዘሩ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ ያለው ግሪስ ደርቆ ዳር ሲደርስ ይይዘዋል። ግሪሱን ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ሌንሱንም በአልኮል በራሰ ጥጥ ነካ ነካ አደረግኩት። ጫን ማለት አይቻልም፣ የተንጠለጠለባቸው ሽቦዎች ፀጉር ያክላሉ። መዝለሉ ቆመ፣ የተቀዳውን ግን አሁንም እምቢ አለ።

አንድ ጠጋኝ "ትንሿን ብሎን ላዙራትና ሌዘሩ ይጠንክር" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለጊዜው ይሠራል፣ ግን የደከመውን ሌዘር ቶሎ ይገድለዋል።

ሌዘሩንና ሌንሱን የያዘውን ክፍል፣ ፒካፑን፣ በሙሉ ቀየርኩት። ደግነቱ ውስጡ ያለው በርካሽ ማጫወቻዎችም የሚገባ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል፣ "ለዚህ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት?" ይላል፤ ለኔ ግን በረከት ነው፣ መለዋወጫው ይገኛላ! ለራሱ ብቻ የተሠራ ፒካፕ ያለው ማጫወቻ ሌዘሩ የሞተ ዕለት የመደርደሪያ ጌጥ ነው። ስትቀይሩ አንድ ነገር አትርሱ፦ በብዙ አዳዲስ ፒካፖች ላይ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ትንሽ የብየዳ ሊድ ጠብታ አለ፤ ገመዱ ከተሰካ በኋላ ካልተነሳ ሌዘሩ አይበራም።

አሁን የሰጠሁትን ሁሉ ያነባል። ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ ረጅም ኦሪጅናል ሲዲ ይዛችሁ የመጨረሻውን ዘፈን አስጀምሩ፣ ቀጥሎ የተቀዳ ሲዲ ክተቱ። የፒካፑን ቁጥርም ከመክፈላችሁ በፊት እወቁ።