የካሜራ ሌንስ ማጽጃ ስትገዙ፦ ብሎወር፣ ሌንስ ፔን፣ ፈሳሽ ወይስ ጨርቅ?

ሌንስ ላይ የምናየው ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከጽዳት ነው። አቧራ ውስጥ ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ አለ። ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ሲገኝ የተለመደው የሌንስ መስታወት ከ5 እስከ 6 ገደማ ነው። ብናኙ ሳይራገፍ ጨርቅ ካረፈበት ጨርቁ ብናኙን እየጎተተ መስታወቱን ይጭረዋል። በመስታወቱ ፊት ላይ ያለው ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን፣ ኮቲንግ የሚባለው፣ የአንዱ ንብርብር ውፍረት 100 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ቤት ውስጥ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ መስታወቱን ሳይነካ አቧራ በሚያራግፈው ላይ አውሉ፣ ቀጥሎ ቅባት በሚያነሳው። ብዙ ሰው ግን ጨርቅና ፈሳሽ ገዝቶ ብሎወሩን ይተወዋል።

ለአቧራ፦ ብሎወር፣ የታሸገ አየር፣ ብሩሽ

ከሦስቱ ያለ ማመንታት ብሎወርን ግዙ። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ነው፤ አያልቅም፣ አውሮፕላን ላይ አይከለከልም፣ ከአየር በቀር የሚረጨው ነገር የለም። የጂዮቶስ ሮኬት ብሎወር በሰፊው ይታወቃል፤ ስም የሌለው ርካሽም ቢሆን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ኳሱን ጨምቃችሁ አፍንጫውን በጣት ድፈኑና ልቀቁት። ቶሎ ተመልሶ ከሞላ ከኋላው አየር የሚያስገባ ቫልቭ አለው ማለት ነው። ቫልቭ የሌለው ትንፋሹን የሚወስደው በአፍንጫው ስለሆነ ከሌንሱ ላይ ያስነሳውን አቧራ ስቦ መልሶ ይነፋዋል። ሁለተኛ፣ ጥቁር ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ንፉ። ነጭ ዱቄት ካረፈ ጎማው ውስጥ የቀረ ዱቄት አለና ሌላ ምረጡ። መጠኑ በእጅ መዳፍ የሚሞላ ይሁን፤ ትንንሾቹ አቅም የላቸውም። ብሎወር ከጠፋ ፋርማሲ የሚሸጠው የጆሮ ማጠቢያ ጎማ ይተካዋል፤ ውስጡን በውሃ አለቅልቃችሁ አንዲት ጠብታ እስከማይቀር አድርቁት።

በቆርቆሮ የታሸገው አየር ጉልበቱ የሚያማልል ነው፤ ለሌንስ ግን አንመክረውም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው አየር ሳይሆን በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዳይፍሎሮኢቴን፣ የመፍያ ነጥቡም ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ቆርቆሮው ካጋደለ ወይም ከተናወጠ ፈሳሹ እንዳለ ይወጣና መስታወቱን በድንገት አቀዝቅዞ ነጭ እድፍ ይተዋል። ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ሴንሰር፣ ላይ ከደረሰ ጉዳቱ የባሰ ነው። በዚያ ላይ ተቀጣጣይ ነው፣ ያልቃል፣ አየር መንገዶችም አይቀበሉትም።

ለስላሳ ብሩሽ ለካሜራው አካል፣ ለሌንሱ ቀለበቶችና ለስፌቶቹ ጥሩ ነው። መስታወት ላይ ግን የጸጉሩ ጫፍ አንዴ በጣት ከተነካ የጣቱን ቅባት ወስዶ ሌንሱን ይቀባዋል።

በአፍ መንፋት ምንም አይወጣበትም፤ ግን ከትንፋሹ ጋር ምራቅ ይረጫል።

ለቅባት፦ ሌንስ ፔን ወይስ ፈሳሽና ወረቀት

ሌንስ ፔን በአንድ ጫፉ የሚገፋ ብሩሽ፣ በሌላው የካርቦን ዱቄት ያለበት ክብ ለስላሳ ጫፍ አለው። ካርቦኑ ቅባት ይስባል። ክዳኑን ከመንቀላችሁ በፊት አዙሩት፤ ጫፉ ካርቦን የሚታደሰው ያኔ ነው። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ክብ እየሠራችሁ ወደ ዳር ውጡ። ለአንድ የጣት አሻራ፣ ዓይናችን ለሚያይበት መስኮት (ቪውፋይንደር)፣ ጨርቅ ጥጉ ጋ ለማይደርስበት ትንሽ ሌንስ ከእሱ የሚፈጥን የለም። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይፈስም።

ድክመቱ ግን ከባድ ነው። ጫፉ አንድና ያው ነው፤ አንዲት ጠጣር ብናኝ ከያዘ ከዚያ በኋላ የሚነካውን ሌንስ ሁሉ ይጭራል፤ ታጥቦም አይጠራም። እርጥብ መስታወት ላይ ካዋላችሁት ካርቦኑ ይጨቀይና ዕቃው ያበቃለታል። ከፈሳሽ ጋር አታጣምሩት። ተመስሎ የተሠራ ብዙ ስላለ ጫፉን ስትነኩት ደረቅ ስፖንጅ ከመሰለ ወይም ክዳኑ ውስጥ ጥቁር ዱቄት ከሌለ ተዉት።

ፈሳሽና የሌንስ ወረቀት ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ የሚያነሳው እድፍ ግን ይበልጣል። እዚህ ላይ ምን እንደምታነሱ አስቡ። ጥምቀት ላይ በጎማ የሚረጨው ውሃ ሲደርቅ ማዕድኑን መስታወቱ ላይ ይተዋል። ሠርግ ቤት የሚጨሰው እጣን ቀስ እያለ ሙጫማ ጭጋግ ያለብሳል፤ ሌንሱ ንጹሕ መስሎ ወደ መብራት ስታዞሩት ምስሉ ይደበዝዛል። ከደናክል የሚመጣ አቧራ ደግሞ ጨው አለው። ሙጫውን አልኮል ያሟሟዋል፤ ጨውን ግን አልኮል አያሟሟውም፣ ውሃ ያስፈልገዋል። ሌንስ ፔን ለሦስቱም አይሆንም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ ከ10 እስከ 15 ጊዜ በብሎወር ንፉ። ወረቀቱን እጠፉትና ጣታችሁ ያልነካውን ገጽ አውጡ። 1 ወይም 2 ጠብታ ወረቀቱ ላይ አድርጉ፤ መስታወቱ ላይ በፍጹም አታንጠባጥቡ፣ ፈሳሹ በፊተኛው ቀለበት ስንጥቅ ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳትጫኑ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ፣ ወረቀቱን ጣሉት፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ በሁለተኛ ደረቅ ወረቀት ጨርሱ። ዳሩ ላይ ቀለበት የመሰለ እድፍ ከቀረ ፈሳሹ በዝቶ ነበር ማለት ነው።

የጣት አሻራ እንጂ ሌላ የማይገጥማችሁ ከሆነ ሌንስ ፔን ይበቃል። ሠርግ፣ በዓል፣ ቆላና ጨው ያለበት ቦታ የምትዞሩ ግን ፈሳሽና ወረቀት ግዙ። የሁለቱንም ዋጋ ከቻላችሁ ሌንስ ፔኑን ለመንገድ፣ ፈሳሹን ለቤት አድርጉት።

የትኛው ፈሳሽ

90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ምልክት አይተውም። 70 በመቶው ሩብ ከፍ ያለ ውሃ ስላለበት ሁለተኛውን ደረቅ ወረቀት መዝለል አይቻልም እንጂ ይሠራል። ለጨውና ለደረቀ ውሃ ማዕድን የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ ቀድሞ፣ አልኮል ቀጥሎ። መኪና መለዋወጫ ቤት ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ ያገለግላል፤ በተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጠውን የባትሪ አሲድ ግን እንዳትወስዱ ጽሑፉን አንብቡ።

ሳኒታይዘር አልኮል ነው ብላችሁ አትጠቀሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል ሲኖረው 1.45 በመቶ ግሊሰሪንም አለው፤ ግሊሰሪኑ አይተንም፣ መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ገጽ ሆኖ ይቀራል። የመስኮት ማጽጃ አሞኒያ ሊኖረው ይችላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን የሌንሱን ፕላስቲክና ቀለም ያሟሟል። ላርጎ ሽታውንና አረፋውን ትቶ ይሄዳል።

በትንሽ እሽግ የሚመጣው እርጥብ መጥረጊያ፣ የዛይስን የመሰለው፣ አይሶፕሮፒል የነካው ወረቀት ነው። በአንድ ጊዜ ሲሰላ ውድ ነው፤ ለጉዞ ግን የሚፈስ ጠርሙስ ከመያዝ ይሻላል። አንዱን ለአንድ ሌንስ ብቻ። መጀመሪያ ካሜራውን ጠርጎ በዚያው ወደ ሌንሱ መመለስ አቧራውን መስታወቱ ላይ መፍጨት ነው።

ጨርቅ ወይስ ወረቀት

የሌንስ ወረቀት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ስለሆነ ትናንት የያዘውን ብናኝ አያመጣም። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ዋጋው ይቀላል፣ ይታጠባል፣ ግን በቦርሳ ኪስ ውስጥ ተጠቅልሎ ከከረመ አደገኛ ነው። ሁለት ግዙ፤ አንዱን ለመስታወት በተዘጋ ከረጢት፣ ሌላውን ለካሜራው አካል። ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት፤ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ቃጫውን በቅባት ይሸፍነዋል። ሶፍትና የነጠላ ጫፍ አይተኩትም፤ ሶፍት ብናኝ ይተዋል፣ ነጠላውም ቀኑን ሙሉ የመንገድ አቧራ ሲሰበስብ ውሏል።

ሁሉንም በአንድ ቦርሳ የያዙት ርካሽ ስብስቦች ውስጥ ብሎወሩ ትንሽ፣ ፈሳሹ ይዘቱ ያልተጻፈበት ነው። በዚያው ዋጋ አንድ ጥሩ ብሎወርና አንድ እሽግ የሌንስ ወረቀት ይሻላል።

ገንዘብ ሳታወጡ የምታልፏቸውም አሉ። ፊተኛው መስታወት ላይ ያሉ ጥቂት ብናኞች ምስል ላይ አይታዩም። የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ ዳያፍራሙ፣ እስከ f/16 ሲጠብ ሰማይ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከሴንሰሩ ነው፤ ከላይ ካሉት ዕቃዎች ለሴንሰር የሚሆነው ብሎወሩ ብቻ ነው። ውስጥ የገባ ሻጋታን፣ የሸረሪት ድር የመሰለውን፣ አንዳቸውም አይደርሱበትም። ሻጋታው ከመጀመሪያው እንዳይበቅል ክረምት ሳይገባ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ግዙና ሌንሱን በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ አብራችሁ አስቀምጡ፤ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ብርቱካናማው ዓይነት ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ጠግቧልና አድርቃችሁ መልሱት።