የጆሮ መከላከያ ኢርማፍ፦ ባትላሜራ ስራ ላይ 9 ወር አድርጌው ያየሁት

ሰላም ወገኖች። እኔ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ፣ 14 አመት ሆኖኛል፣ የተጨረማመተ በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ እየቀጠቀጥኩ ማቅናት ነው ስራዬ። ቤቱ ደሞ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ስለሆነ አንድ የመዶሻ ምት ወጥታ አትቀርም፣ ዞራ ተመልሳ ትመጣለች። ማታ ስተኛ ጆሮዬ ሲጮህ መጀመሪያ ሰው እያማኝ ነው እያልኩ ነበር የማልፈው፣ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጢዝዝዝ ሲል ማነው እንዲህ ሳያቋርጥ የሚያማኝ አልኩና ሄጄ ተመረመርኩ። ኦዲዮግራም የሚሉት የመስማት ምርመራ ውጤት ወረቀት ላይ መስመሩ ደህና ይመጣና 4000 ኸርዝ ጋ፣ ቀጠን ያለው ድምፅ ላይ፣ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ጋ ጆሮዬ ደክሟል ማለት ነው። ሀኪሟ ስራዬን ሳልነግራት "ብረት ነው የምትቀጠቅጠው?" አለችኝ።

ኢርማፉን ያመጣልኝ ዱባይ ያለው ወንድሜ ነው። ያው ሄድፎን የሚመስለው፣ ግን ባትሪም ሙዚቃም የሌለው፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ብራንዱን የማልጠራው ሰው ስሙን ይዞ ፎርጅዱን እንዳይገዛ ነው፣ ፓኬቱ ላይ ኤንአርአር (NRR) የሚል፣ ድምፅ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚናገር ቁጥር ፈልጉ፣ የኔ 27 ነው። ቁጥር የሌለው ከሆነ ምን ያህል እንደሚከላከል ማንም አያውቅምና ተዉት። ደሞ 27 አለ ማለት ስራ ቦታ ላይ 27 ዴሲቤል (የድምፅ ሀይል መለኪያ ነው) ይቀንሳል ማለት አይደለም፣ ያ ላብራቶሪ ውስጥ በደንብ ተገጥሞ የተለካ ነው። የአሜሪካው የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት ኦሻ ከቁጥሩ ላይ 7 ቀንሰህ የቀረውን ለ2 አካፍል የሚል ስሌት አለው፣ በዛ ከሄድን የኔው 10 ነው። 10 ትንሽ ይመስላል ግን ጆሮ የሚገባው የድምፅ ጉልበት ወደ አንድ አስረኛ ወረደ ማለት ነው።

የመዶሻ ድምፅ ከጀነሬተር ድምፅ ለምን እንደሚብስ ያስረዳችኝ ሀኪሟ ናት። ጆሮ ውስጥ ትንሽ ጡንቻ አለች፣ ሀይለኛ ድምፅ ሲመጣ ትኮማተርና በተወሰነ ደረጃ ታፍነዋለች፣ ግን እስክትነቃ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይፈጅባታል፣ የመዶሻ ምት ደሞ እሷ ሳትነቃ ገብታ ጨርሳለች። ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሶች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። እኛ ጋ ጋሼ የምንላቸው ትልቁ ባለሙያ "ጆሮ እኮ ይለምደዋል" ይሉ ነበር፣ እኔም አምኛቸው ነው የኖርኩት፣ ለካ ለመደው ያልነው ጆሮ መስማት እያቆመ ነበር። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል፣ እሳቸውን ዛሬ ስናናግራቸው ፊታቸው ዞረን ጮኸን ነው።

ወደ እቃው ልመለስ። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጭንቅላቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ነበር፣ ከዛ ለመድኩት። ሙቀቱ ግን አልተለመደም፣ ከቀትር በኋላ ላቡ በጉንጬ ይወርዳል። ትልቁ ችግር መነፅር ነው፣ ግራይንደር ስይዝ የማደርገው መነፅር ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንጉ ወፍራም ስለነበር በኢርማፉ ትራስ፣ ጆሮ ዙሪያ በሚያርፈው ለስላሳ ጠርዝ፣ እና በቆዳዬ መሀል ክፍተት ይፈጥራል፣ ጣቴን ብሰድ ይሰማኛል፣ በዛች ስንጥቅ ድምፁ እንዳለ ይገባል። ዘንጉ ቀጭን የሆነ መነፅር ቀየርኩና ተስተካከለ። በ7ኛው ወር ደሞ ትራሱ ከላብ የተነሳ ደርቆ እንደ ቆዳ ጫማ ጠነከረ፣ ስትጫኑት ቶሎ አይመለስም፣ ድምፁም ከፍ አለብኝ። ትራሱ ለብቻው ይቀየራል፣ ስትገዙ መለዋወጫው እንደሚገኝ ጠይቁ።

ሌላው፣ መሀል መሀል ማውለቅ። ስልክ ሲደወል፣ ሰው ሲጠራኝ፣ "አንዴ ብቻ ልምታት" እያልኩ አውልቄ እመታ ነበር። ሂሳቡ ግን ይቅር አይልም፣ ጫጫታው ካለበት ሰአት ግማሹን አውልቀህ ከዋልክ የፈለገ ምርጥ ኢርማፍ ቢሆን በቀኑ ድምር ላይ ከ3 ዴሲቤል በላይ አይጠቅምህም። አሁን መዶሻው እጄ ላይ ካለ ኢርማፉ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ሰው የፈለገኝ ከፊት መጥቶ እጁን ያሳየኛል። ይሄን ተነጋግረን የተስማማነው አንድ ቀን መኪና ወደኋላ ሲመጣ ሳልሰማ ቀርቼ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ጎትቶ ካወጣኝ በኋላ ነው፣ እናንተም ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ።

ብረት በመሮ ስቆርጥ ከስሩ የጆሮ ስፖንጅም እጨምራለሁ። ሁለቱ ቁጥር አይደመርም፣ ጭማሪው ወደ 5 ዴሲቤል ነው፣ ግን ለሀይለኛ ምት ዋጋ አለው። ስፖንጁን በንፁህ እጅ አጥብቃችሁ አጠቅልሉት፣ በሌላኛው እጅ በጭንቅላት ላይ ዞራችሁ ጆሮውን ወደላይና ወደኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪነፋ ድረስ በጣት ያዙት። እንዲሁ ደጃፉ ላይ ከተወተፈ ከንቱ ነው።

ከ9 ወር በኋላ ድጋሚ ተመርምሬ ጉድጓዱ እዛው ነው፣ አልተሞላም፣ ግን አልሰፋም። የማታው ጩኸት አለ፣ ስራ በበዛበት ቀን እንደድሮው አያሰቃየኝም። ሰው በተሰበሰበበት ቤት ልጄ ስታወራ ግማሹን አሁንም ከከንፈሯ ነው የማነበው።

አብሮኝ ለሚሰራው ለ18 አመቱ ልጅ ተመሳሳዩን አስመጥቼለት ባለፈው ወር ወስጄ አስመረመርኩት። ወረቀቱን ከኔው ጎን አድርጌ አየሁት፣ የሱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው።