እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ላስተማሩኝ የላብ ቴክኒሻን

ሰላም ጓዶች፣ ይሄን ፖስት ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን ኤክስቸንጁ ይለቅ ሪፖርቱም ይግባ ብዬ አዘገየሁት። ገብቷል ተመስገን። ስለዚህ ምስጋናዬን ላድርስ፣ ማቴሪያል ሳይንስ እየተማራችሁ ለሪሰርች ኤክስቸንጅ ልትሄዱ ያሰባችሁ ደግሞ ቢረዝምም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የኔ ሦስት ወር ነበር። ሦስት ወር ስትሰሙት ብዙ ይመስላል፣ ምንም ማለት አይደለም። ሴራሚክ ነው የምሰራው፣ ፓውደሩን መፍጨት መጫን ፈርነስ (በጣም የሚግል ምድጃ) ውስጥ መክተት፣ ከዛ ማቀዝቀዙ ራሱ ቀን ይበላል፣ ቶሎ ላውጣህ ካላችሁት ደግሞ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ የተመደብኩበት ላብ የት እንደሆነ አልናገርም። ከመሄዴ በፊት በኢሜል ስንጻጻፍ ኤስኢኤም (የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዓይነት) አለን፣ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (በኤክስሬይ የአቶሞችን አደራደር የሚያሳይ ማሽን) አለን፣ ሁሉንም ትሰሪበታለሽ ብለውኝ ነበር። ስደርስ ማሽን ለመንካት ትሬኒንግ ያስፈልጋል ተባልኩ፣ እሺ አልኩ፣ የትሬኒንጉ ቀን ሲወጣ እኔ አገሬ ከገባሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ! ለማን ልንገር? የሚከታተለኝ የፒኤችዲ ልጅ ራሱ ጥድፊያ ላይ ስለነበር በሱ አልፈርድም፣ ግን የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት የሰው ክሩሲብል (ፓውደር የሚጋገርበት ዕቃ) ሳጥብ ነው። ናሙናዬን ሌላ ሰው ወስዶ በኤስኢኤም ያነሳልኝና ፎቶው በኢሜል ይመጣል፣ ፎቶ ከተባለ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ መሃል ላይ መስመር መስመር የሰራ ነገር። ምን ሆኖ ነው ስል “ናሙናሽ ጥሩ አይደለም”። ሌላ ቦታ ለምኜ አስነሳሁ፣ እዛ ደግሞ “ፓውደርሽ ቆሻሻ አለው፣ እንደገና ስሪ”። እንደገና ሰራሁ። ያው ነጭ። ማታ ማታ አለቅስ ነበር፣ እናቴ ስትደውል ደግሞ “በጣም አሪፍ ነው” እላታለሁ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ እንደኔ ለኤክስቸንጅ የመጣች ልጅ “ቤዝመንት ያሉትን ሰውዬ አናግሪያቸው” አለችኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፣ ማይክሮስኮፖቹን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ያን ነጭ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። አንዴ አዩትና “ሴራሚክ ነው አይደል? ወርቅ ቀብተውልሻል?” አሉኝ። ወርቅ የሚል ቃል እስከዛ ቀን ማንም አንስቶልኝ አያውቅም!

እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ የሚያየው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ነው፣ ሴራሚክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ የሚረጭበት ኤሌክትሮን መውጫ አጥቶ እላዩ ላይ ይጠራቀምና ምስሉን ያነጣዋል። ስስ የወርቅ ሽፋን ሲደረግለት መሄጃ ያገኛል። ሽፋኑ 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ከፀጉር በሺዎች ጊዜ የቀጠነ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ ስለ ቮልቴጁም ብዙ አስረድተውኝ ነበር ግን አልገባኝም። ብቻ ናሙናዬን ወርቅ የምትቀባው ትንሿ ማሽን ውስጥ ከተቱት፣ በመስታወቱ ሐምራዊ ብርሃን ቦግ አለ፣ አለቀ። ፓውደሬ ቆሻሻ አልነበረም በቃ። ያን ሁሉ ሳምንት!

ከማይክሮስኮፑ ውስጥ አየሩ በፓምፕ ተመጦ እስኪወጣ ስንጠብቅ ስድስት ሳምንት ባከነብኝ ብዬ አማረርኩ። “ጀርመናዊው ኢንጂነር ሩስካ ከባልደረባው ከክኖል ጋር የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሰራው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፣ ኖቤል የሰጡት በ1986። ክኖልማ ሳያይ በ1969 ሞተ። አንቺ ስንት ሳምንት ነው ያልሽው?” አሉኝ። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ።

ከዛ ከወንበራቸው ተነሱና “ተቀመጪ” አሉኝ። ትሬኒንግ አልወሰድኩም አልኳቸው። “አሁን ነዋ የምትወስጂው።” ሁለት እጃቸውን ጋዋናቸው ኪስ ከተው ከኋላዬ ቆሙ። ገና ስነካው ምስሉን አጠፋሁት፣ ደንግጬ “እርስዎ ያስተካክሉት” ብዬ ስዞር እጃቸው እዛው ኪሳቸው ውስጥ ነው። “ቀስ ብለሽ ወደ ግራ።” በጣም አዞርኩት። “ቀስ ነው ያልኩሽ።” ይሄን ያህል ታግሶኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ አባቴ እንኳን መኪና ሲያስተምረኝ መሪውን ይነጥቀኝ ነበር። ከዛ ድንገት ጥርት አለ። የራሴ ሴራሚክ፣ ግሬይኖቹ (ሴራሚኩ የተሰራባቸው ቅንጣቶች) ልክ እንደተነጠፈ ድንጋይ ጎን ለጎን ገጥመው፣ መሃል መሃል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ። አፌን ይዤ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ፎርሜን ፈረሙልኝና ብቻዬን መስራት ጀመርኩ፣ በቀረችኝ ጊዜ ሙሉ ዳታዬን ሰበሰብኩ።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። እሳቸው ጋ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ ሂዱ። ሌላ ቦታም ከሆናችሁ ፕሮፌሰሩን ብቻ አትጠብቁ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማሽን የሚይዙትን ቴክኒሻኖች ፈልጋችሁ ተዋወቁ፣ እኔ ስድስት ሳምንት የከሰርኩት ይሄን ባለማወቄ ነው። ትሬኒንጉ በምን ቀን እንደሆነም ሳትሄዱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ “ማሽኑ አለን” ማለት “ትነኪዋለሽ” ማለት አይደለም። እና ናሙና ይዛችሁ የምትጓዙ፣ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አብራችሁ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ነጭ ዱቄት ኤርፖርት ላይ ምን እንደሚያስከትል እኔን ጠይቁኝ።

የት እንደሚገኙ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ግን ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ነው የሚያዳምጡት፣ ሰው ሲጠራቸው አይሰሙም።