ባትሪው ኩፍ ያለው የጋሼ ላፕቶፕ፦ ከ11 ወር በኋላ

ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት ጠረጴዛውን ነበር። ላፕቶፑ ሲጻፍበት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ስለዚህ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አራት ቦታ አጥፈው ከአንዱ ጥግ ሥር ሸጎጡለት። ከሳምንት በኋላ ክዳኑ አልገጥም አለ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ማታ ማታ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ይጭኑበት ጀመር። ለእኔ የተደወለው ታችፓዱ፣ ያ በማውስ ፋንታ በጣት የሚነካው፣ አልጫን ሲል ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እልህ ይዞታል መሰለኝ፤ ብጫነው ብጫነው እንቢ አለኝ» አሉ እትዬ። ወደ አሜሪካ ለሚበሩበት ቀን 19 ቀን ቀርቶ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ እነሱ ቤት ደርሼ ገለበጥኩት። የሆዱ ሽፋን መሐሉ ላይ ጎብጧል፤ በአንዱ ጥግ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል። በዚህ ሞዴል ባትሪው የሚተኛው ልክ ከታችፓዱ ሥር ነው። አብጦ ወደ ላይ ታችፓዱን፣ ወደ ታች ሽፋኑን እየገፋ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከላይ መዝገበ ቃላት፣ ከታች ጋዜጣ። ከሶኬት ነቀልኩት፣ አጠፋሁት፣ ሲሚንቶው በረንዳ ላይ አወጣሁት። እትዬ «ሰው ያየዋል» ብለው ነጠላ ጣሉበት። ነጠላውንም አነሳሁት።

ላፕቶፑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚያንገበግበኝም ለዚያ ነው።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቼ ያደግኩት እሳቸውና እትዬ ቤት ነው። ጋሼ የጂኦግራፊ መምህር፣ እትዬ ጸሐፊ ነበሩ። እትዬ ሥራ የጀመሩት በአማርኛ ታይፕራይተር ነው፤ አሁንም ቁልፍ ሲመቱ ጎረቤት ይሰማል። ሁለቱም 60 ሞልቷቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ጡረታ ወጡ። ዕቅዳቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሄደው የልጅ ልጅ ማቀፍ፣ ሲመለሱ ደግሞ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳሏቸውን አገሮች በዓይናቸው ማየት ነበር፤ ሐረርን፣ ጅማን፣ አርባ ምንጭን። ስልክ አላቸው። ነገር ግን ጋሼ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ የ140 አባወራ መዋጮ በስልክ አይያዝም። ታብሌት ይበቃቸዋል ያሉኝም ነበሩ። እትዬ «ቁልፍ የሌለው ነገር ላይ አልጽፍም» አሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

አዲስ መግዛት አልቻልኩም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ስጠይቅ ሻጮቹ ዋጋውን ከመናገራቸው በፊት የሚያዝኑልኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 2017 ላይ መገናኛ ሄጄ ስላሽ ገዛሁ። ከዱባይ የሚመጣውን፣ የሆነ የውጭ መሥሪያ ቤት ተጠቅሞ ያሰናበተውን ማለቴ ነው። ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 14 ኢንች፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ፣ ዋጋው 34,000 ብር። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኩባንያው አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ብልጥ ነበርኩ። ሻጩ 6,000 ብር የሚቀንስ፣ ፕሮሰሰሩ 7ኛ ትውልድ የሆነ ሊሸጥልኝ ሲሞክር እንቢ አልኩ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ጡረተኞች ላይ ቀኑ ያለፈበት ማሽን መጫን አልፈለግኩም። ይህን ሁሉ አንብቤ ሄጄ፣ ራሙን አይቼ፣ ስክሪኑን በነጭ ገጽ ፈትሼ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ጠቅ አድርጌ፣ ባትሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። 8ኛው ትውልድ የወጣው በ2017 እና በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ነው። እኔ ስገዛው ዕቃው ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ባትሪውም አብሮት።

አሁን ሻጩን በሐሳቤ ፊቴ አቁሜ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄያለሁ! ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። «ወንድሜ» እለዋለሁ፣ «ዱባይ ስላሽ ነው፣ አልተነካም አላልከኝም?» «አልተነካም እኮ» ይለኛል፣ «ባትሪውንም ማንም አልነካውም።» ይኸው ነዋ ችግሩ! «ባትሪና ቻርጀር ዋስትና የላቸውም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል።» ተጽፏል፤ ከማኅተሙ ሥር፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል። «ባትሪ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ያልቃል።» አዎ፣ ግን የጫማ ሶል አብጦ እሳት አያነሳም። እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ በሐሳቤ ውስጥ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዝም ይላል። በእውነቱ ስልኩን ስደውል «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው ያለኝ። የላፕቶፕ ሱቅ የምን ስብሰባ አለው?

ልትገዙ ከሆነ ይህን አድርጉ፤ ከእኔ ተማሩ ማለቴ ሳይሆን እልሄን ላውጣበት። ዊንዶውስ በራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ትእዛዙን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ፊት አስወጡት። ሁለት ቁጥር ነው የምታዩት፦ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረውና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። የጋሼን ዘግይቼ ሳወጣው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 28,000 ላይ ወርዷል። 611 ጊዜ ተሞልቶ ወጥቷል። ኅዳር ላይ ይህን አምስት ደቂቃ ወስጄ ባየው ኖሮ ወይ ዋጋ አስቀንስ ነበር፣ ወይ ጥዬ እሄድ ነበር።

ሁሉንም በሻጩ ላይ እንዳልደፈድፍ ግን ጋሼም እጃቸው አለበት። ወይም መብራቱ።

የቱሉ ዲምቱን መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀጠሮ የለውም፤ ሲሄድ አይሰናበትም። ጋሼ ስለዚህ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለውት አያውቁም። ሌሊትም ቀንም፣ ሲጠቀሙበትም ሳይጠቀሙበትም፣ 100 ላይ ጢም ብሎ ይቀመጣል። ለሊትየም ባትሪ ከዚህ የከፋ ኑሮ ጥቂት ነው። ሲያረጅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ከታሸገው ከረጢት መውጫ ስለሌለው ያሳብጠዋል። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ዘወትር ሞልቶ መቀመጥም ያፋጥነዋል። በዚያ ላይ የዱባይ ዕቃ ስለሆነ የቻርጀሩ መሰኪያ የእንግሊዞቹ ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ በዲቫይደር ካልሆነ ግድግዳችን ላይ አይገባም። ዲቫይደሩ ላላ ያለ ስለነበር ጋሼ አንዴ ካስተካከሉት ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ከ80 በመቶ በላይ አይሙሉት ካልኳቸው በኋላ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ውሃ ማታ ሲመጣ ጀሪካኑን እስከ ምን ድረስ ነው የምትሞላው?»

«እስከ አፉ።»

«ታዲያ መብራትን ለምን እስከ 80 ትለኛለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚያገኝ ሰው ዕቃውን ግማሽ ትቶ አይተኛም፤ የላፕቶፕ ባትሪ የሠሩት ሰዎች ይህን ኑሮ አስበው አልሠሩትም።

ጠጋኙን ያገኘሁት ሳሪስ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ፣ ሥራውን የሚያውቅ። ሽፋኑን ቀስ ብሎ በፕላስቲክ ከፈተው። ጥቁሮቹ ከረጢቶች እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብለዋል፤ አንዱ ከቦታው ተነስቶ የታችፓዱን ሆድ ነክቷል። «ወጋ ብታደርጉት ኖሮ እሳት ነበር» አለ፤ እኔ መዝገበ ቃላቱን አሰብኩ። አዲስ ባትሪ 6,500 ብር፣ የእጁን 500። «ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» ስለው «ጥሩ ነው» አለኝ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢያንስ ግን አልዋሸኝም። ያበጠውን ምን እንደሚያደርገው ስጠይቀው ከወንበሩ ሥር አሸዋ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ አሳየኝ። ከሻጩ ይልቅ እሱ ላይ ያለኝ እምነት የጨመረው ያን ጊዜ ነው። በዚያው በላፕቶፑ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ገብቶ ከ80 በላይ እንዳይሞላ አደረገልኝ፤ ለመሥሪያ ቤት የሚሠሩት ብዙዎቹ ይህ አማራጭ አላቸው።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ጋሼ ላፕቶፑን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በበርበሬውና በሽሮው መሐል ሊከቱት ነበር፤ «እዚያ አይሰበርም፣ ትራስ አለው» ብለው። እንደምንም በእጅ ቦርሳ አስገባሁት። ላፕቶፕ ከባትሪው ጋር በእጅ ቢያዝ ይመረጣል፤ ትርፍ ባትሪና ፓወርባንክ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ጭነት አይገቡም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ይታለፋል፤ የእኛ 50 ነው። ያበጠ ባትሪ ግን በእጅም በጭነትም አይፈቀድም። ይህን ሳውቅ ነው የደነገጥኩት። ሁለት ጡረተኞች ኩፍ ያለ ባትሪ በነጠላ ጠቅልለው አትላንቲክን ሊሻገሩ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያልጠበቅኩት ደስታ መጣ። የእንግሊዞቹ መሰኪያ እዚያም አልገባም፤ ልጃቸው ግን የራሷን የታይፕ ሲ ቻርጀር ስትሰካው ሞላ። ይህ ማሽን በታይፕ ሲም እንደሚሞላ እኔም አላውቅም ነበር! ሻጩም አልነገረኝም፤ ያለውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን ያለውን በጎ ነገርም የማያውቅ ሻጭ። ለመንገደኛ ሽማግሌ ከፍጥነት በፊት የሚታየው ይህ ነው። ከልጁም ከምራቱም ቻርጀር መበደር ይቻላል።

ስለሌላው ብዙ የምለው የለኝም። ይከፈታል፣ ይሠራል፣ የእድሩ መዝገብ ገብቶበታል። አንድ ቀን ብቻ ኢንተርኔቱ በሙሉ ተዘጋ፤ እያንዳንዱ ገጽ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ለካ ጋሼ ዓመተ ምሕረቱን አይተው «ይሄ ተሳስቷል» ብለው ከ2025 ወደ 2017 አስተካክለውታል። የገጾቹ የምስክር ወረቀት በማሽኑ ዘንድ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ መሥራት የሚጀምር ሆነ። በዚያው ሰዓቱ የናይሮቢ ተብሎ መሞላቱን አይተው «ናይሮቢ ቤታችን ምን አገባው?» አሉኝ። ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የአንድ ሰዓት ክልል መሆናችንን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ነገሩ የክብር ጉዳይ ነው።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ጠዋት ብትጠይቁኝ አይ። 34,000 ላይ 7,000 ጨምሬ፣ ሦስት እሑድ አጥቼ፣ የሁለት ሰው ነፍስ ከመዝገበ ቃላት ሥር አሳድሬ! በዚህ ሁሉ አሮጌ ባትሪ ነው ያተረፍኩት። ማታ ላይ ግን እትዬ ከልጅ ልጃቸው ጋር እያወሩ፣ በመሐል ቁልፉን ቋ ቋ እያደረጉ በአማርኛ ደብዳቤ ሲጽፉላት ሳይ ምላሴን እሰበስባለሁ። ማሽኑ ላይ ቂም የለኝም። ሻጩ ላይ አለኝ፤ ገና ይቆያል።

መስከረም ላይ ተመለሱ። ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ ስሄድ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ሶኬት ላይ ነው፤ ቁጥሩ 100 ይላል። ገደቡን የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነስተውታል። «አሜሪካ እያለሁ 80 ላይ ትቼዋለሁ፤ ነክቼው ከሆነ ልጄን ጠይቃት» አሉኝ። «እዚያ መብራት አይጠፋማ።»

ምንም ሳልል ባዮስ ገብቼ ወደ 80 መለስኩት። አስቀምጬ ጫማዬን ሳስር መብራት ጠፋ። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍተው በስክሪኑ ብርሃን ሻማ ይፈልጉ ጀመር።