ሐረር ላለችው ሲስተር፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ሰላም የድሬ ሰዎች። ይህን ልጻፍ አልጻፍ ስል ወራት አለፉ። ልጄ አንብባው ፈቅዳልኛለች፤ አንድ አንቀጽ ግን አስወጥታኛለች፣ እሱ የራሷ ነው።

16 ዓመቷ ነው። አምና መኖር እንደሰለቻት ደብተሯ ላይ ጽፋ አገኘሁ። መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ «የዕድሜ ነገር ነው፣ ያልፋል» ብሎ ቫይታሚን አዘዘልን። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት በዓለም ሦስተኛው የሞት ምክንያት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ዘመድ ጸበል አለ፤ ጸበሉንም አልተውነው። በመጨረሻ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄድን። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ድሬ ላይ የሚያውቀኝ እንዳያየኝ ነው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ልጄ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቃል አልተነፈሰችም።

ሲስተር ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከልጄ ጎን አደረገችው። እኔን «እናት፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁኝ» አለችኝ። ከዚያ ሕይወቷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠየቀቻት። ያልነበረ ሐሳብ ትከትባታለች ብዬ ደንግጬ ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ አስረዳችኝ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ እንድቆልፍም ነገረችኝ፤ ቁልፉ እስከዛሬ አንገቴ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀጠሮ እንደ እኛ ያሉ ልጆችና ወላጆች ስለ ሕክምናው ምን እንደሚሰማቸው የሚጠይቅ ጥናት ላይ እንድንሳተፍ ተጠየቅን። ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው ብዬ ተቆጣሁ። ሲስተር ሳትቆጣ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበበችልን፦ ስም አይጻፍም፣ መሃል ላይ መተው ይቻላል፣ እምቢ ብንልም ሕክምናው አይጓደልም። ተረጋግቼ ልፈርም ስል እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ወደ ልጄ ዞረች።

«አንቺስ? አንቺ እሺ ካላልሽ የእናትሽ ፊርማ ብቻውን አይበቃም።»

ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ክሊኒክ ስንል፣ ጸበል ስንል፣ ሐረር ስንል ሁላችንም ወሰንንላት እንጂ አንድም ሰው አልጠየቃትም ነበር። «ላስብበት» አለች። ሳምንት አስባ እሺ አለች።

መጠይቁን ለየብቻ ሞላን። እሷ ምን እንደመለሰች አልጠየቅኳትም። ግን ስንመለስ «እማ፣ ሙሸበክ ግዢልኝ» አለችኝ፤ ጣፋጩን። ይህን በላሁ፣ ያን አማረኝ ካለች ስንት ጊዜዋ! መኪና ውስጥ ጣቷን እየላሰች በላች፤ እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ሲስተር፣ ስሜን አትጻፊ ስላልሽኝ ትቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጃችሁ ዝም ያለባችሁ ወላጆች፣ እዚያ ሂዱ። ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ ግን ሐረርን አትጠብቁ፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሚኒባሱን አብሬያችሁ እሳፈራለሁ።